ቀለሙ ለምን ሌላ ረድፍ ላይ ያርፋል? በኤክሴል ለተያዘ የቡና መረከቢያ መዝገብ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና አቅራቢ ድርጅት ሂሳብ እይዛለሁ። ለአርሶ አደሮችና ለሰብሳቢዎች የምንሰጠውን ቅድመ ክፍያ፣ የምንረከበውን እሸትና ጀንፈል (ትኩስ የቡና ፍሬና ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) በኤክሴል እመዘግባለሁ፤ ወደ 600 ረድፍ ደርሷል። የመመለሻ ቀኑ ያለፈበት ሰው ረድፉ በሙሉ ቀይ እንዲሆን፣ እርጥበቱ ከልክ ያለፈ ጀንፈል ቢጫ እንዲሆን፣ የተደጋገመ ደረሰኝ እንዲለይ ብዬ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ (በተሰጠው ደንብ መሠረት ሴሎችን የሚያቀልመውን የኤክሴል መሣሪያ) ሞከርኩ። ቀዩ ከባለዕዳው በላይ ያለውን ስም ይይዛል። ጊዜው ያልደረሰው ይቀላል፣ ያለፈበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ባዶዎቹ ረድፎች ሁሉ ቀሉ። ፋይሉም እያደር እየከበደ ነው። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ከዘረዘሩት ውስጥ የከፋው የቀኑ ጉዳይ ነው፤ እሱ ካልተስተካከለ የትኛውም ቀለም አይታመንም። ሆኖም ከደንቡ አጻጻፍ እንጀምር። ቀኑ ቢስተካከልም ቀለሙ አንድ ረድፍ ወደ ላይ እየዘለለ ካረፈ ትርፉ ድካም ነው።

ለመግባባት እንዲመች መዝገብዎ እንዲህ ነው ብዬ ልነሳ። 1ኛው ረድፍ ርዕስ ነው፤ መረጃው ከ2 እስከ 600 ይወርዳል። አምድ ኤ የደረሰኝ ቁጥር፣ ቢ የአቅራቢው ስም፣ ሲ የቡናው ዓይነት፣ ዲ ክብደት በኪሎ፣ ኢ እርጥበት፣ ኤፍ የተሰጠው ቅድመ ክፍያ፣ ጂ የመመለሻ ቀን፣ ኤች እስካሁን የተመለሰው ብር። የአምዶቹንም የፎርሙላዎቹንም ስም እዚህ በእኛ ፊደል አስቀምጫለሁ፤ እርስዎ ሲጽፉ በእንግሊዝኛው ፊደል ያድርጉት። ኤ የመጀመሪያው፣ ኢ ደግሞ አምስተኛው አምድ መሆናቸው እንዳይምታታ።

አሁን ወደ ነገሩ። የኮንዲሽናል ፎርማቲንግ ፎርሙላ የሚጻፈው ለአንዲት ሴል ብቻ ነው፤ ምርጫዎን ለጀመሩባት ንቁ ሴል፣ ብዙውን ጊዜ ከክልሉ በስተግራ ከላይ ጥግ ላለችው። ለሌሎቹ ሴሎች ኤክሴል ራሱ ፎርሙላውን እየገለበጠ ያወርደዋል፤ አንዱን ሴል ይዘው ወደ ታች ሲጎትቱ የሚሆነው ማለት ነው። መልሱ «እውነት» የሆነበት ሴል ይቀለማል፣ «ሐሰት» ወይም ስህተት የሆነበት እንዳለ ይቀራል። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ቀዩ አንድ ረድፍ ወደ ላይ የሚዘለው እርስዎ አምዶቹን ከነርዕሳቸው መርጠው፣ ማለትም ክልሉን ከረድፍ 1 አስጀምረው፣ ፎርሙላውን ግን ለረድፍ 2 ስለጻፉት ነው። ኤክሴል የተባለውን አደረገ፦ ረድፍ 1 የረድፍ 2ን ቀን አየ፣ ረድፍ 2 የ3ን፣ እንዲህ እያለ እስከ ታች። መፍትሔው ክልሉና ፎርሙላው ከአንድ ረድፍ እንዲነሱ ማድረግ ነው። ስህተቱ የሚመጣበት ሌላም መንገድ አለ፦ ከታች ወደ ላይ እየጎተቱ ከመረጡ ንቁ ሆና የምትቀረው ሴል የታችኛዋ ናት፤ ፎርሙላው የሚለካው ከእሷ ስለሆነ ውጤቱ ይዘበራረቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከ ኤ2 ጀምረው ወደ ታች ይምረጡ፤ ከፎርሙላ መጻፊያው በስተግራ ባለችው ትንሽ ሳጥን ውስጥ ኤ2 ተጽፎ ማየትዎን ያረጋግጡ።

ከመረጡ በኋላ ሆም፣ ኮንዲሽናል ፎርማቲንግ፣ ኒው ሩል ይሂዱ። (በኪቦርድ አልት፣ ከዚያ ኤች፣ ኤል፣ ኤን በተራ።) ከዝርዝሩ የመጨረሻውን፣ «ዩዝ ኤ ፎርሙላ» ብሎ የሚጀምረውን ይምረጡና ይጻፉ፦

=ኤንድ($ኤፍ2>$ኤች2,$ጂ2<ቱዴይ())

የዶላር ምልክቷ ከአምዱ ፊደል በፊት አለች፣ ከረድፉ ቁጥር በፊት የለችም። ከፊደሉ በፊት ያለችው «አምዱ አይነቃነቅ» ማለት ናት፤ ከ ኤ እስከ ኤች ያለው ሴል ሁሉ ያንኑ ጂ ያያል፣ ረድፉም በሙሉ ይቀላል። እሷን ከረሱ የቢ ሴል ኤችን ማየት ይጀምርና ቀለሙ እዚህም እዚያም ይበተናል። በተቃራኒው ከቁጥሩም በፊት ካስገቡ 600ውም ረድፍ የሚያየው ረድፍ 2ን ብቻ ስለሚሆን ወይ ሁሉም ይቀላል ወይ አንድም አይቀላም። ይህኛው ስህተት የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታሰብ ነው፦ ፎርሙላውን በመጻፍ ፈንታ ሴሉን በማውስ ጠቅ ሲያደርጉ ኤክሴል ሁለቱንም ዶላር ራሱ ይጨምራል። ኤፍ4 የተባለውን ቁልፍ በተደጋጋሚ በመጫን ወደሚፈልጉት ዓይነት ማምጣት ይችላሉ።

እዚያው ሳጥን ውስጥ ሰውን የሚያናድድ ሌላ ነገር አለ። ፊደል ለማረም የቀስት ቁልፍ ሲጫኑ ጠቋሚው ከመንቀሳቀስ ይልቅ የማይፈለግ የሴል አድራሻ ፎርሙላው መሃል ይሰነቀራል። መጀመሪያ ኤፍ2ን ይጫኑ (ቁልፉን ነው፣ ሴሉን አይደለም)፤ ከዚያ ቀስቶቹ እንደ ልብ ይሠራሉ።

ፎርሙላውን ከቴሌግራም ወይም ከወርድ ገልብጠው ከለጠፉት ጥቅሶቹን ይመልከቱ። ጠመዝማዛ ጥቅስ ኤክሴል አይቀበልም፤ ቀጥ ያለው ብቻ ነው የሚሠራው። ኪቦርድዎ በአማርኛ ላይ ከሆነ ደግሞ በኮማ ፈንታ ነጠላ ሰረዝ፣ በጥቅስ ፈንታ «» ሊገባ ይችላል። አንዳንዴ ኤክሴል ስህተት መሆኑን እንኳ ሳይነግርዎ የጻፉትን ሁሉ በጥቅስ ጠቅልሎ ተራ ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ደንቡ ያለ ይመስላል፣ ግን ምንም አያቀልምም። ደንቡን ከፍተው ሲያዩ ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ጥቅስ ካገኙ ነገሩ ይኸው ነው። ኮማ አልቀበል የሚል ኮምፒውተር ካጋጠመዎት የዊንዶውሱ የአገር ምርጫ ሴሚኮለን የሚጠይቅ ሊሆን ስለሚችል ኮማውን በእሱ ይተኩ።

ባዶዎቹ ረድፎች የቀሉበት ምክንያት አጭር ነው። ኤክሴል በንጽጽር ውስጥ ባዶ ሴልን እንደ ዜሮ ይቆጥራል፤ ዜሮ ከዛሬ ቀን ሁልጊዜ ያንሳል። የመጀመሪያው ደንብዎ «ጂ ከዛሬ ያንሳል?» ብቻ የሚል ከነበረ ባዶው ሁሉ «አዎ» ብሎ ይመልሳል። ከላይ ባለው ፎርሙላ የተሰጠው ከተመለሰው መብለጡን ስለጠየቅን ባዶ ረድፍ አያልፍም። ብር ወስዶ ቀን ያልተጻፈለት ሰው ግን ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ ለእሱ ግራጫ ቀለም ያለው ሌላ ደንብ ያክሉ፦

=ኤንድ($ኤፍ2>0,$ጂ2="")

ኤፍ ውስጥ «5000 ብር» ብለው ጽፈው ከሆነ ያ ቁጥር መሆኑ ቀርቷል። ኤክሴል ሲያነጻጽር ጽሑፍን ከማንኛውም ቁጥር ይበልጣል ብሎ ነው የሚወስደው፤ ዕዳውን ሙሉ በሙሉ የከፈለ ሰው እንኳ ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል። ሴሉ ውስጥ 5000 ብቻ ይግባ፤ «ብር» የሚለው እንዲታይ ከፈለጉ በፎርማት ሴልስ፣ ከስተም ላይ ከቁጥሩ አቀማመጥ ቀጥሎ በጥቅስ ውስጥ ያስገቡት። ዓይን ብር ያያል፣ ኤክሴል ቁጥር ያያል።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ቀኑ።

ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው። ቀን ማለት ለእሱ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1900 ጀምሮ የሚቆጠር ተራ ቁጥር ነው። እርስዎ ኅዳር 25 ቀን 2018 ለማለት 25/03/2018 ብለው ሲጽፉ፣ ቀን የሚያስቀድም ኮምፒውተር ማርች 25 ቀን 2018 ብሎ ይይዘዋል። ትክክለኛው ዲሴምበር 4 ቀን 2025 ነበር። ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄዷል ማለት ነው፤ ጊዜው ያልደረሰው የቀላው ለዚህ ነው።

ያለፈበት ነጭ ሆኖ የሚቀረው ደግሞ ኤክሴል ሊያነበው ያልቻለው ነው። ጥቅምት 30ን 30/02/2018 ብለው ሲጽፉ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጥቅምት 29ም ያው ነው፣ የጻፉት ዓመት ለአራት የሚካፈል ካልሆነ በቀር። ጳጉሜን በሙሉ እንዲሁ፤ 13ኛ ወር አያውቅም። ጽሑፍ ከቁጥር ይበልጣል ብለናል፤ ስለዚህ «ከዛሬ ያንሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ለዘላለም «አይደለም» ነው። ቡና በሚለቀምበት በጥቅምት መጨረሻ የሚመለሰው ገንዘብ በሙሉ ከዓይንዎ ተሰወረ ማለት ነው።

ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አቀማመጥ ላይ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜም ነው፣ ነገሩ ይብሳል። ወርን አስቀድሞ ስለሚያነብ 25/03/2018 ላይ 25ኛ ወር ፈልጎ ያጣና ጽሑፍ ያደርገዋል፤ ኅዳር 5ን፣ ማለትም 05/03/2018ን፣ ሜይ 3 ብሎ ይይዘዋል። ከወሩ የመጀመሪያዎቹ 12 ቀናት በአንድ መንገድ፣ የቀሩት በሌላ መንገድ ይበላሻሉ። ለመለየት አምድ ጂን ሰፋ ያድርጉትና በእጅዎ ግራ ቀኝ ያስጠጉት አሰላለፍ ካለ ያጥፉት፦ በቀኝ የተጠጋው ቁጥር (ቀን) ነው፣ በግራ የተጠጋው ጽሑፍ ነው። የእርስዎ ሁለቱንም እንደሚይዝ አልጠራጠርም።

እኔ የምመክረው ጂን ለሰው፣ አዲስ አምድ «አይ»ን (ዘጠነኛውን) ለኤክሴል ማድረግ ነው። ጂን ምረጡና በፎርማት ሴልስ «ቴክስት» ያድርጉት፤ የኢትዮጵያውን ቀን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ቀን፣ በሁለት አሃዝ ወር፣ በአራት አሃዝ ዓመት ይጻፉ፤ 05/03/2018 እንጂ 5/3/2018 አይሁን። ከዚያ አይ2 ላይ ይህን ያስገቡ፦

=ኢፍ(ጂ2="","",365*ራይት(ጂ2,4)+ኢንት(ራይት(ጂ2,4)/4)+30*ሚድ(ጂ2,4,2)+ሌፍት(ጂ2,2)-691194)

አምዱን የቀን ፎርማት ይስጡትና እስከ 600 ያውርዱት። ነገሩ ድግምት አይደለም። የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ዓመቱ 365፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ አንድ ቀን በጳጉሜን ይጨመራል። ያ ስድስተኛዋ የጳጉሜን ቀን ናት፤ የዓመቱ ለአራት መካፈል እሷን ይቆጥራል። የመጨረሻው 691194 የሁለቱን አቆጣጠሮች መነሻ የሚያስታርቅ ቁጥር ነው። ጳጉሜንን 13 ብለው ቢጽፉትም በትክክል ያሰላል። መሥራቱን ለማረጋገጥ 01/01/2017 ያስገቡ፤ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ሊወጣ ይገባል። 01/01/2016 ደግሞ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ይሰጣል፤ ያ እንቁጣጣሽ በፈረንጁ በ12 የዋለበት ዓመት ነው። ሁለቱም ከወጡ ፎርሙላው ተስተካክሏል።

የቀድሞዎቹን 600 ቀኖች ግን ፎርማቱን ወደ ቴክስት በመለወጥ ብቻ አያድኗቸውም፤ በቀን የተያዙት 43223ን የመሰለ ቁጥር ሆነው ብቅ ይላሉ። ይህ ቁጥር ሜይ 3 ቀን 2018 ነው፤ ማለትም የእርስዎ ኅዳር 5። ከመለወጥዎ በፊት በጎን አምድ ላይ ቴክስት በተባለው ፎርሙላ ቀኑን በተጻፈበት ቅደም ተከተል መልሰው ያውጡት፦ በአሜሪካ አቀማመጥ ከሆነ ሁለት ጊዜ ኤም፣ ሁለት ጊዜ ዲ፣ አራት ጊዜ ዋይ (በመካከላቸው / ይግባ)፤ ቀን በሚያስቀድም ከሆነ ዲው ይቅደም። ጽሑፍ ሆነው የቀሩትን ይህ ፎርሙላ ሳይነካ ያሳልፋቸዋል። ከዚያ ውጤቱን ገልብጠው በቫልዩስ ብቻ ጂ ላይ ይለጥፉት። ዜሮ የጎደላቸውን፣ እንደ 25/3/2018 ያሉትን፣ በእጅ ማረም ይኖርብዎታል፤ አይ ላይ ስህተት እያወጡ ራሳቸው ይጠቁማሉ።

ቀዩ ደንብ አሁን እንዲህ ይሆናል፦

=ኤንድ($ኤፍ2>$ኤች2,$አይ2<ቱዴይ())

ክልሉንም እስከ አይ ይዘርጉት። ከመመለሻው አንድ ሳምንት አስቀድሞ ማስታወስ ከፈለጉ በብርቱካናማ ሌላ ደንብ ይጨምሩና በ ቱዴይ() ፈንታ ቱዴይ()+7 ያድርጉ፤ ቀዩ ግን ከእሱ በላይ መቀመጥ አለበት። ኤክሴል አዲስ ደንብን ሁልጊዜ አናት ላይ ነው የሚያስቀምጠው፤ ብርቱካናማው ቀዩን እንዳይሸፍነው በማኔጅ ሩልስ ውስጥ በቀስቷ ወደ ታች ያውርዱት። ሁለት ደንቦች በአንድ ሴል ላይ «እውነት» ሲሆኑ የሚያሸንፈው የላይኛው ነው። የማይጋጩ ከሆኑ ግን፣ አንዱ መደብ አንዱ የፊደል ድምቀት ከሆነ፣ ሁለቱም ይታያሉ።

ስለ እርጥበቱ። እዚህ የሚያሳስተው የመቶኛ ምልክቷ ናት። 12.8 ብለው የጻፉት 12.8 ነው፤ 12.8% ብለው የጻፉት ግን ሴሉ ውስጥ 0.128 ሆኖ ነው የተቀመጠው። «ከ12 ይበልጣል» የሚለው ደንብ ሁለተኛውን ፈጽሞ አይነካውም፤ «12.8 በመቶ» ብለው በቃል የጻፉትን ደግሞ ጽሑፍ ስለሆነ 9 በመቶም ቢሆን ያቀልመዋል። አንዱን ይምረጡ፤ ቁጥሩን ብቻ መጻፍ ይሻላል፣ መቶኛ መሆኑን ርዕሱ ይናገር። የእርጥበት ወሰኑን ፎርሙላው ውስጥ አይቅበሩት። ዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት ለወጪ ንግድ ቡና ያስቀመጠው ከ8 እስከ 12.5 በመቶ ነው፤ ገዢዎ ከዚያ የጠበቀ ሊጠይቅ ይችላል፣ በዓመት መሃልም ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ኤል1 ላይ ያስቀምጡና ይጥቀሱት፦

=ኤንድ($ሲ2="ጀንፈል",ኢዝነምበር($ኢ2),$ኢ2>$ኤል$1)

ኤል1 አንድ ቦታ ብቻ ያለች ስለሆነች በሁለቱም በኩል በዶላር ትታሰራለች። እሸት እዚህ ደንብ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ትኩስ ፍሬ ውሃ የተሞላ ስለሆነ ወሰኑ አይመለከተውም። በስህተት የገቡትን ለመያዝ ደግሞ ሐምራዊ ደንብ ይጨምሩ፦

=ኤንድ($ኢ2<>"",ኦር(ኢዝቴክስት($ኢ2),$ኢ2<1))

ጽሑፍ የሆነውንም፣ በመቶኛ ምልክት ምክንያት ከ1 በታች የወረደውንም ያወጣል። እንዲህ ያለው ደንብ ከቀዩም ከቢጫውም የበለጠ ይጠቅማል ባይ ነኝ፤ እነሱ የሚናገሩት ስለ ቡናው ነው፣ ይህ ግን ስለ መዝገቡ።

«ጀንፈል» የሚለውን ቃል ያነጻጸርነው ፊደል በፊደል ነው። «ጄንፈል» ተብሎ ከተጻፈ፣ ወይም ከኋላው ክፍት ቦታ ካለ፣ ለኤክሴል ሌላ ቃል ነው። በአማርኛ ይህ ከእንግሊዝኛው የከፋ ነው። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሐይሉ ለእኛ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኤክሴል ሦስት። ፀጋዬና ጸጋዬ፣ ሠይፉና ሰይፉም እንዲሁ። ጅማ ላይ ደግሞ አንዱ ጸሐፊ ስሙን በቁቤ፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል ሊያስገባው ይችላል። የተደጋገመ ስም የሚፈልግ ደንብ ይህን ሁሉ አያይም። ስለዚህ ሲ ላይ በዳታ ቫሊዴሽን ዝርዝር ያስቀምጡና ከዚያ ይመረጥ፤ ለአቅራቢዎች ደግሞ መለያ ቁጥር ይስጡና ደንቡ በቁጥሩ ይሥራ።

የተደጋገመ ደረሰኝ፦ ኤክሴል ዝግጁ የሆነ «ዱፕሊኬት ቫልዩስ» አለው፤ ለአንድ አምድ ይበቃል። ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ ካለዎት ግን ቁጥር 451 በሁለቱም ውስጥ ሊኖር ይችላልና ያለ ጥፋቱ ይቀለማል። የጥራዙን ቁጥር ለምሳሌ አምድ ኬ ላይ ይዘው፦

=ካውንትኢፍስ($ኤ$2:$ኤ$600,$ኤ2,$ኬ$2:$ኬ$600,$ኬ2)>1

ክልሎቹ ሙሉ በሙሉ መታሰራቸውን ይዩ። ካልታሰሩ ክልሉ ከረድፉ ጋር ወደ ታች ይንሸራተትና የመጨረሻው ድግግሞሽ ሳይቀለም ይቀራል። ሆን ብለው ሁለተኛውን ብቻ ማቅለም ከፈለጉ የመጀመሪያውን ጫፍ አስረው ሁለተኛውን ይልቀቁት፣ ማለትም $ኤ$2:$ኤ2 እያሉ፤ ያኔ የመጀመሪያው ደረሰኝ ነጭ ሆኖ ተከታዩ ብቻ ይያዛል። ካውንትኢፍ 00451ንና 451ን አንድ አድርጎ እንደሚቆጥርም ይወቁ።

ክብደት ላይ ከለር ስኬል (እንደ ቁጥሩ መጠን ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ማቅለም) ማድረግ ያምራል፤ ግን አንድ ሰው 340 ሊጽፍ 34000 ካለ ሌሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፈዛዛ ይሆናሉ። የላይኛውን ጫፍ ከ«ሃየስት ቫልዩ» ወደ «ፐርሰንታይል» 90 ይለውጡት። በፈረሱላ ተነግሮ በኪሎ አምድ የገባም (20 ፈረሱላ 340 ኪሎ ነው) በዳታ ባር (በሴሉ ውስጥ በሚሳለው ዘንግ) ያለወትሮው አጭር ሆኖ ይታያል። እንደ 74110 ወይም 74112 ያሉ የመልኮ (የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል) የቡና ዝርያ ቁጥሮችን የያዘ አምድ ካለዎት ከለር ስኬል አያስገቡበት፤ እነሱ ስም እንጂ መጠን አይደሉም።

ፋይሉ ለምን ከበደ? ማኔጅ ሩልስን ይክፈቱና ከላይ ካለው ምርጫ «ዚስ ወርክሺት»ን ይምረጡ። ሦስት ደንብ ጽፈው አርባ ካዩ አይደንግጡ። ረድፍ ገልብጠው በለጠፉ ቁጥር ቀለሙም አብሮ ይለጠፋል፣ ክልሉ ይቆራረጣል፣ የደንቡ ቅጂ ይወለዳል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ብቻ ያስቀሩ፣ ሌላውን ይሰርዙ፤ «አፕላይስ ቱ» በሚለው ስር ክልሉን =$ኤ$2:$አይ$600 ብለው እንደገና ይጻፉ፤ ፎርሙላው አሁንም ረድፍ 2ን መጥቀሱን ከፍተው ይዩ። ከዚያ በኋላ ሲለጥፉ ኮንትሮል፣ አልትና ቪ፣ ቀጥሎም ቪ ብለው ቫልዩስ ብቻ ይለጥፉ። ይህ አንድ ልማድ ብቻውን ችግሩን ያቆመዋል። መዝገቡ ወደ ታች እንዲያድግ ከፈለጉ ኮንትሮልና ቲን ተጭነው ቴብል ያድርጉት፤ አዲስ ረድፍ ሲጨመር ክልሉ ራሱ ይሰፋል።

ሙሉ አምድ መምረጥም ያከብዳል፤ አንድ አምድ 1,048,576 ረድፍ ነው። የካውንትኢፍ ደንብ ደግሞ እያንዳንዱን ረድፍ ከሁሉም ጋር ያነጻጽራል። በ600 ረድፍ 360,000 ንጽጽር ነው፣ ኮምፒውተሩ አይሰማውም። በ20,000 ረድፍ ግን 400 ሚሊዮን ይሆናል፤ በዚያ መጠን ፎርሙላውን በተራ አምድ ላይ ያሰሉትና ደንቡ ውጤቱን ብቻ ያንብብ።

አሁንም ቀለሙ ካልታዘዘዎት አይገምቱ። ፎርሙላውን ገልብጠው ባዶ አምድ ላይ፣ ለምሳሌ ኤም2 ላይ፣ ይለጥፉና እስከ ታች ያውርዱት። በየረድፉ «ትሩ» ወይም «ፎልስ» ይወጣል። እዚያ ስህተት ካለ ጥፋቱ ፎርሙላው ወይም መረጃው ላይ ነው። እዚያ ትክክል ሆኖ ቀለሙ ከተሳሳተ ጥፋቱ የክልሉ መነሻ ወይም የደንቦቹ ቅደም ተከተል ነው። ሌላ ሦስተኛ ቦታ መፈለግ አያስፈልግዎትም።

ኃላፊዎ «የቀዩ ድምር ስንት ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ቀለም አይደመርም፤ ቀለሙን ያመጣው ሁኔታ ግን ይደመራል። አምድ ጄ ላይ ቀሪውን (ኤፍ ሲቀነስ ኤች) ያስሉና፦

=ሰምኢፍስ(ጄ2:ጄ600,ጄ2:ጄ600,">0",አይ2:አይ600,"<"&ቱዴይ())

በቀለም ማጣራት ግን ይቻላል፤ በፊልተሩ ውስጥ «ፊልተር ባይ ከለር» በደንብ የመጣውንም ቀለም ያሳያል። ወረቀቱ በጥቁርና ነጭ የሚታተም ከሆነ ደማቅ ቀይ ጽሑፉን ይውጠዋልና ፈዛዛ መደብ ከደማቅ ፊደል ጋር ይጠቀሙ፣ ወይም «ያለፈበት» የሚል ቃል የሚያወጣ አምድ ይጨምሩ። ቀይና አረንጓዴን የማይለይ ዓይን ያለው ባልደረባም ይኖራል።

ፋይሉን ወደ ጉግል ሺትስ ካዛወሩት እነዚሁ ፎርሙላዎች «ከስተም ፎርሙላ ኢዝ» በሚለው ስር ይሠራሉ፤ ቀን የሚነበብበት አቀማመጥ ደግሞ ፋይል፣ ሴቲንግስ፣ ሎኬል ውስጥ ነው። ወሰኑን የያዘችው ኤል1 በሌላ ሺት ላይ ካለች ግን በቀጥታ አይጠቅሳትም፤ በኢንዳይሬክት ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ኤክሴል ከ2010 ጀምሮ ይህን ያለ ችግር ይቀበላል፤ 2007 ላይ ከሆኑ ግን ወሰኗን እዚያው ሺት ላይ ያድርጓት።